የጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ፦ የድሮዎቹን ግጥሚያዎች እንዴት እንይ? በምንስ እንመዝን?

በ2024 ኔትፍሊክስ ዳምፕ ማትሱሞቶ በምትባል ጃፓናዊት ሬስለር ሕይወት ላይ የተመሠረተ ተከታታይ ድራማ አወጣ። በዚያው ዓመት ሌላዋ ጃፓናዊት ቡል ናካኖ የአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች እንደገና ይታዩ ጀመር። (ቀናቱም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አንዲት ሴት ፊቷ በደም ተሸፍኖ ፀጉሯ ይላጫል። ዙሪያውን የተቀመጡ ልጃገረዶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ዳኛው ደግሞ በግልጽ ለአንዷ ያደላል። ይሄ ስፖርት ነው ወይስ ቲያትር? ጥሩው ከመጥፎው የሚለየውስ በምንድን ነው?

እኔ እነዚህን ግጥሚያዎች በጣም እወዳቸዋለሁ። ሰው የ30 ሰከንድ ቁራጭ አይቶ ሲፈርድባቸው ይቆጨኛል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ውሸት አይደለም እንዴ?

ሬስሊንግ ሲነሳ ሁሌም የሚቀድመው ጥያቄ ይሄ ነው። አጭሩ መልስ፦ ማን እንደሚያሸንፍ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይወሰናል። ተጋጣሚዎቹ እርስ በርስ ይተባበራሉ። አንዷ ስትወረውር ሌላዋ ራሷን አመቻችታ ትዘላለች።

አወዳደቁ ግን እውነት ነው። የሪንጉ ወለል ብረትና ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ፍራሽና ሸራ አለው። ከሁለት ሜትር ከፍታ በጀርባ የወደቀች ሴት የምር ወድቃለች።

ለመረዳት እንዲቀል ሁለት ሰዎች ሰርግ ላይ ፊት ለፊት ሆነው እስክስታ ሲወርዱ አስቡ። ተስማምተው ነው የሚጫወቱት። አንዱ የሌላውን ትከሻ እያየ ይመልሳል፣ ይጨምርበታል፣ ይበልጠው ዘንድ ይታገላል። ከዙሪያው የቆመ ሰው «ማን አሸነፈ?» ብሎ አይጠይቅም። «እንዴት ተጫወቱ!» ነው የሚለው። የሬስሊንግ ግጥሚያም የሚመዘነው በዚሁ ዓይን ነው። መተባበሩ ፉክክሩን አያጠፋውም።

የጃፓኖቹን ደግሞ ከሌላው የሚለያቸው ነገር አለ። በዋናው የሴቶች ድርጅት ውስጥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጨረሻቸው ያልተወሰነ ግጥሚያዎች ነበሩ። ሬስለሮቹ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ በተለይ ጀማሪዎች ሲጋጠሙ፣ ጨዋታው በትብብር ይጀመራል። ከዚያ ማጠናቀቂያው ላይ የምር ይሆናል። አንዷ ሌላዋን ወለል ላይ አጣብቃ ለመያዝ በእውነተኛ ጉልበት ትታገላለች። የበረታችው ታሸንፋለች። ስለዚህ የዚያን ዘመን ግጥሚያ እያዩ «ይሄማ የምር ይመስላል» ብትሉ፣ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሕጉስ?

ሕጉ ብዙ አይደለም። የተጋጣሚዋን ሁለት ትከሻ ወለል ላይ አጣብቃ ዳኛው ሦስት እስኪቆጥር የያዘች ታሸንፋለች። ወይም እጅና እግር ጠምዝዛ «በቃኝ» ታሰኛለች። ወይም ተጋጣሚዋ ወድቃ አስር እስኪቆጠር መነሳት ያቅታታል። የጥንድ ግጥሚያ አለ፤ ሁለት ለሁለት ሆነው በየተራ ይገባሉ። ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ የሚሰጥበትም አለ። የሻምፒዮና ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ የ60 ደቂቃ ገደብ ይኖረዋል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በ1954 ሚልድረድ በርክ የተባለች አሜሪካዊት ሻምፒዮን ከጓደኞቿ ጋር ጃፓን ሄዳ ተጋጠመች። ጃፓን ውስጥ የሴቶች ሬስሊንግ ከዚያ በፊትም ብቅ ብሎ ነበር። ሕዝብ በብዛት ያየው ግን ያኔ ነው። በ1968 የማትሱናጋ ወንድማማቾች የሴቶች ብቻ የሆነ ድርጅት አቋቋሙ። ደጋፊዎች በአጭሩ ዜንጆ ይሉታል። እስከ 2005 ድረስ ቆየ። የድርጅቱ ትልቁ ማዕረግ የሚልድረድ በርክን ቀበቶ ስም የወረሰው ደብሊው ደብሊው ደብሊው ኤ ነው። ቀይ ቀበቶ ነው። በድሮዎቹ ቪዲዮዎች ላይ ስታዩት ግጥሚያው ትልቅ መሆኑን እወቁ።

በ1976 ጃኪ ሳቶና ማኪ ኡዬዳ «ቢውቲ ፔር» በሚል ስም ተጣመሩ። ሪንግ ላይ ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፣ ዘፈናቸውም ተወደደ። ያኔ ተመልካቹ ተለወጠ። ከዚያ በፊት አዳራሹን የሚሞሉት በአብዛኛው አዋቂ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሆኑ። በ1983 የተጣመሩት ቺጉሳ ናጋዮና ላዮነስ አሱካ፣ «ክራሽ ጋልስ» የተባሉት፣ ይህን ፍቅር ወደ እብደት አደረሱት። ፉጂ ቴሌቪዥን ያስተላልፋቸዋል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ባለቀለም የወረቀት ጥቅልል ከየአቅጣጫው ወደ ሪንጉ ይወረወራል።

ልጃገረዶቹ ለምን ያን ያህል ያለቅሳሉ?

ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ዕድሜ ነው። ሬስለሮቹ በ15 እና በ16 ዓመታቸው ነው የሚገቡት። ማደሪያቸው የጋራ ነው፤ የታላላቆቻቸውን ልብስ ያጥባሉ፣ ምግብ ያበስላሉ። መጠጥ፣ ሲጋራና የወንድ ጓደኛ ክልክል ነው። ከዚያ ደግሞ በ25 ዓመት ገደማ ጡረታ ይወጣሉ፤ የድርጅቱ ደንብ ነበር። ተመልካቿ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። የምትወዳት ሬስለር 20 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጊዜው አጭር እንደሆነ ያውቃሉ። ቺጉሳ ናጋዮ በ1989 ዮኮሃማ አሬና ላይ ስትሰናበት 24 ዓመቷ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የክፉዋ ሬስለር ሥራ ነው። በሬስሊንግ ቋንቋ ሂል ትባላለች። ሥራዋ መጠላት ነው። በመሣሪያ ትመታለች፣ ታጭበረብራለች፣ ተመልካቹን ትሳደባለች። በጃፓን ሴቶች ታሪክ ትልቋ ሂል ዳምፕ ማትሱሞቶ ናት። ፊቷን ቀለም ቀብታ፣ ሰንሰለትና የቀርከሃ ሰይፍ ይዛ ትገባለች። አቤ ሺሮ የሚባለው ዳኛ ደግሞ ለእሷ ያደላል። ሲቆጥርላት ይፈጥናል፣ ሲቆጥርባት ይዘገያል። ተመልካቹ በሁለት ሰው ነው የሚናደደው። ዳምፕን ሰው ከመጥላቱ ብዛት ቤተሰቦቿ ሳይቀሩ ይተነኮሱ ነበር።

አሁን ነሐሴ 28 ቀን 1985ን እንመልከት። ቦታው ኦሳካ ጆ ሆል ነው። ቺጉሳ ከዳምፕ ጋር ፀጉር አስይዘው ገጠሙ። የተሸነፈችው ትላጫለች። ዳምፕ በመሣሪያ ግንባሯን ትተረትራታለች። ቺጉሳ ደሟ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትነሳለች። በመጨረሻ አስር ሲቆጠርባት መነሳት አቃታት። ወንበር አምጥተው አስቀመጧት። መቀሱም የፀጉር መላጫ ማሽኑም መጣ። ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ልጃገረዶቹ እየጮኹ፣ አንዳንዶቹ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይታያሉ።

በቴክኒክ ብቻ ከመዘናችሁት ይህ ግጥሚያ ጥሩ አይደለም። የሚያምር ውርወራ የለውም። ዝላዩም ጥቂት ነው። ሆኖም ከዚህ በላይ ተመልካችን የያዘ ግጥሚያ ብዙ አይገኝም። ቺጉሳና ዳምፕ በ1980 አብረው የገቡ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ተርበዋል፣ አብረው ተደብድበዋል። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ገጥመው የተላጨችው ዳምፕ ነበረች። ሁለቱን ተከታትሎ ማየት ጥሩ ነው።

የ1990ዎቹ ለምን እንደ ወርቃማ ዘመን ይቆጠራል?

ክራሽ ጋልስ ሲሄዱ ልጃገረዶቹም ሄዱ። አዳራሹ ሳሳ። ድርጅቱን ያቆመችው የዳምፕ ደቀ መዝሙር ቡል ናካኖ ናት። ከ1990 መጀመሪያ እስከ ኅዳር 1992 ቀይ ቀበቶውን ይዛ ቆየች። ተቀናቃኟ አጃ ኮንግ ነበረች። አጃ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር፣ እናቷ ጃፓናዊት ናቸው። በልጅነቷ በመልኳ ብዙ ተሰድባለች። ሪንግ ላይ ስትወጣ ያ ሁሉ ንዴት አብሯት የሚወጣ ይመስላል።

ኅዳር 14 ቀን 1990 ዮኮሃማ ውስጥ ሁለቱ በብረት አጥር ውስጥ ተጋጠሙ። ከአጥሩ ቀድማ የወጣች ታሸንፋለች። ቡል መውጣት ስትችል አልወጣችም። አጥሩ ጫፍ ላይ ቆመች። ከፍታው 4 ሜትር ገደማ ነው። እጆቿን እንደ ጸሎት ገጠመች። ከዚያ እግሯን ዘርግታ አጃ ላይ ወረደች። ይህችን ቅጽበት ዛሬም ደጋግሜ አያታለሁ። ዝላዩ ራሱ አስደናቂ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዝላዩ በፊት ያለው ዝምታ ነው። ያቺ ሴት የምትዘለው የግድ ስለሆነባት እንጂ ለታይታ እንዳልሆነ ታሳምናችኋለች።

ከዚያ በ1993 የተለያዩ ድርጅቶች ሬስለሮች እርስ በርስ ይጋጠሙ ጀመር። ቀድሞ በየቤታቸው ነበሩ። አሁን «የማን ቤት ይበልጣል?» የሚል እልህ ገባ። ሚያዝያ 2 ቀን 1993 ዮኮሃማ አሬና ላይ የተደረገው የአኪራ ሆኩቶና የሺኖቡ ካንዶሪ ግጥሚያ የዚህ እልህ ጫፍ ነው።

ካንዶሪ በ1984 የዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘች ጁዶ ተጫዋች ናት። የምር ክንድ መስበር የምትችል ሰው ናት፤ ተመልካቹም ያውቃል። ሆኩቶ ደግሞ በ1987፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ ግጥሚያ መሃል አንገቷ ተሰብሮ ራሷን በእጆቿ ደግፋ ጨዋታውን የጨረሰች ናት። ይህንንም ተመልካቹ ያውቃል። ስለዚህ ገና ሲጀመር ካንዶሪ የሆኩቶን ክንድ ስትጠመዝዝና ሆኩቶ ስትጮኽ፣ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ ደም ይመጣል፣ ጉልበት ያልቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱም መቆም አቅቷቸው ቡጢ ይለዋወጣሉ። ሆኩቶ አሸነፈች። የቆንጆ ስልት ማሳያ አልነበረም። የሁለት ሰው እልህ ነበር።

ዘመኑ ኅዳር 20 ቀን 1994 ቶኪዮ ዶም ላይ ጫፉ ደረሰ። 23 ግጥሚያ በአንድ ቀን። ከቀትር በኋላ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው ያለቀው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው የሄደው። በ1997 ዜንጆ በዕዳ ተንኮታኮተ፣ ብዙ ሬስለሮችም ለቀው ወጡ።

እሺ፣ ታዲያ በምን እንመዝን?

እኔ መጀመሪያ የማየው ሕመሙ ይቆያል ወይ የሚለውን ነው። አንዷ በ5ኛው ደቂቃ ጉልበቷን ከተመታች፣ በ20ኛው ደቂቃ ስትሮጥ ማነከስ አለባት። ተጋጣሚዋም ያንን ጉልበት መልሳ መፈለግ አለባት። ሬስለሮች ይህን ሕመም የማሳየት ሙያ «መሸጥ» ይሉታል። ሳይሸጥ የቀረ ምት እንዳልተመታ ይቆጠራል። ሆኩቶ በዚህ ተወዳዳሪ የላትም። ሁለቱ ጉልበቶቿ በፋሻ ተጠቅልለው ስትገባ ገና፣ አረማመዷ ብቻውን ይናገራል።

ከዚያ መደራረቡን እዩ። ጥሩ ግጥሚያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል። ሱፕሌክስ የሚባለው፣ ሰው አቅፎ ወደ ኋላ የመጣል ውርወራ፣ 3ኛው ደቂቃ ላይ ከገባ 25ኛው ደቂቃ ላይ ምን ሊቀር ነው? ጎበዞቹ ትልቁን ነገር ያቆዩታል። ሦስት ሊቆጠር ጥቂት ሲቀር ማምለጥም እንዲሁ ነው። አንዴ ሁለቴ ልብ ያንጠለጥላል። አስራ አምስት ጊዜ ከሆነ ግን ማንም አያምነውም።

ተመልካቹንም ስሙ። የምለው ጩኸቱን ብቻ አይደለም። ቶኪዮ ያለው የኮራኩኤን አዳራሽ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ግን እዚያ ያለው ሕዝብ ሬስሊንግ አዋቂ ነው። ዝም ሲል ምክንያት አለው።

በመጨረሻ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያለውን አትዝለሉት። ነሐሴ 15 ቀን 1992 ማናሚ ቶዮታና ቶሺዮ ያማዳ ፀጉር አስይዘው ተጋጠሙ። ሁለቱ በአንድ ዓመት የጀመሩ፣ ጥንድ ሆነው የሚጫወቱ ጓደኛሞች ናቸው። ቶዮታ አሸነፈች። ከዚያ ግን የጓደኛዋ ፀጉር እንዳይቆረጥ እያለቀሰች ታገለች። ሰዎች ይዘዋት ነው ያማዳ የተላጨችው። ያማዳ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ቪዲዮውን ድሉ ላይ ያቋረጠ ሰው ግጥሚያውን አላየም።

የኮከብ ነጥቡስ ምን ያህል ይታመናል?

ስለ እነዚህ ግጥሚያዎች ስትፈልጉ «ባለ አምስት ኮከብ» የሚል ነገር ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካዊው የሬስሊንግ ጋዜጠኛ የዴቭ ሜልትዘር ነጥብ ነው። በ1990ዎቹ ከጃፓን ውጭ ያለ አፍቃሪ እነዚህን ግጥሚያዎች የሚያየው በፖስታ በሚላላክ የቪዲዮ ካሴት ነበር። ካሴት በውድ ነው የሚገዛው፣ የትኛውን ልግዛ ለሚለው ኮከቡ ጥሩ መሪ ነበር። ዛሬም ለመነሻ ይጠቅማል። ሆኖም ኮከቡ ለፍጥነትና ለከባድ ስልት ያደላል። የኦሳካው የ1985 ግጥሚያ ትልቅነት በኮከብ ብዛት አይታወቅም።

የጦፈው ክርክር ግን በማናሚ ቶዮታ ላይ ነው። ብዙ ባለ አምስት ኮከብ ግጥሚያ ካላቸው ሬስለሮች አንዷ ናት። እንደ እሷ የምትዘል የለችም። ከማዕዘኑ ጫፍ የኋሊት ተገልብጣ ትወርዳለች። የተጋጣሚዋን እጆች አጣምራ ትከሻዋ ላይ አንስታ ወደ ኋላ ትጥላታለች፤ ራሷም በአንገቷና በእግሯ እንደ ቅስት ቀጥ ትላለች። ተቺዎቿ «ሕመም አታሳይም» ይላሉ። እግሯ አስር ደቂቃ ተጠምዝዞ ተነስታ ትሮጣለች። እውነት ነው፣ ትሮጣለች።

ግንቦት 7 ቀን 1995 ኮራኩኤን ላይ ከኪዮኮ ኢኖዌ ጋር ያደረገችውን ግን እዩ። ቀይ ቀበቶው ለውድድር ቀርቧል። ሙሉ 60 ደቂቃ ተጫውተው እኩል ወጡ። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ነው፤ አልደብቅም፣ ሰው ሊሰለች ይችላል። ከአርባኛው በኋላ ግን ድካሙ የትወና አይደለም። ቶዮታ ስትሮጥ እግሯ ይከዳታል። ኢኖዌ ልታነሳት ስትሞክር ክንዷ ይንቀጠቀጣል። ሲቆጠር የምታመልጠው በጉልበት ሳይሆን በእልህ ነው። «ሕመም አታሳይም» የተባለችው ሴት እዚህ መደበቅ አልቻለችም። በእኔ ግምት የቶዮታ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ፈጣኖቹ ይከተላሉ።

ከየት ልጀምር?

ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ቪዲዮው ሙሉ ነው ወይ? ቴሌቪዥን የአየር ሰዓት ስለሚያጥረው ግጥሚያዎቹን ይቆርጥ ነበር። የ25 ደቂቃው ጨዋታ 12 ደቂቃ ሆኖ ይቀርባል። መሃሉ ተቆርጦ «ሕመሙ አልቆየም» ብሎ መፍረድ ለሬስለሯ ግፍ ነው። ማስታወቂያ ሲገባና ሲወጣ ሁለቱም ድንገት ላብ በላብ ሆነው ካገኛችኋቸው ተቆርጧል ማለት ነው። ለገበያ የወጡት ካሴቶች ብዙውን ጊዜ የተሟሉ ናቸው።

ደም የማትወዱ ከሆነ ከቶዮታና ከያማዳ ጀምሩ። ታሪክ የምትወዱ የቺጉሳንና የዳምፕን ሁለቱንም ፀጉር ግጥሚያ በቅደም ተከተል እዩ። ከዚያ የቡልና የአጃን አጥር፣ ከዚያ ሆኩቶና ካንዶሪን። የ60 ደቂቃውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሁለቱን ሴቶች ሳያውቁ ከገቡበት ይረዝማል። የጃፓንኛው ማብራሪያ ባይገባችሁም ድምፁን አታጥፉት፤ አስተላላፊው ስም ሲጠራ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ አለ፣ የት ላይ ልብ ማለት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።